የማሽላው በርሜል ገና ነው

ቢች ፎርክ ወንዝ ዳር፣ ኬንታኪ
ኦክቶበር 14 ቀን 2018

ለምወድህ ለሮይስ፣

እንደምን ከርመሃል? የስኮትላንድ ብርድና ዝናብ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ቁርጥማቱ እግሬን ከመያዙ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትህ በሕይወት ብትኖር "ለልጄ አንድ መስመር እንኳ አትጽፊለትም?" ብላ ታኮርፈኝ ነበርና ይኸው ብዕር አነሳሁ። አክስትህ የምባለው በእናትህ የአጎት ልጅነት ነው፤ ቢሆንም ከእኔ ሌላ የሚቆጣህ ዘመድ እዚህ ስላልቀረህ ሥራው በእኔ ላይ ወድቋል።

ወሬ ልንገርህ። የወንድሜ ልጅ ጋርላንድ አብዷል። ያቺን ትንሽ የውስኪ ማውጫውን ቆርቆሮው ጎተራ ውስጥ ሲተክል አይተሃል አይደል? አሁን ደግሞ የማሽላ ፍሬ ጨመረበት። ጥንቅሹን ለሽሮፕ ከመጭመቃችን በፊት ራሱን ቆርጠን ለዶሮ የምንጥለውን ማለቴ ነው። አባቴ ቢሰማ ከመቃብር ተነስቶ በጥፊ ይልህ ነበር ብዬ ብቆጣው፣ ኦሃዮ ውስጥ አንዱ በአጃ እንደሠራ፣ ሌላው በጥቁር ሩዝ እየሞከረ እንደሆነ፣ ከግማሽ በላይ በቆሎ እስከሆነ ድረስ የአገራችን ሕግ ውስኪውን ቡርቦን ብሎ እንደሚጠራው አስተማረኝ። እኔን። ሠላሳ አንድ ዓመት በትልቁ ፋብሪካ ቅምሻ ክፍል የሠራሁትን ሴትዮ።

ልሳደብ ተነስቼ ሄድኩ። ከቧንቧው የሚንጠባጠበውን በመዳፌ ተቀብዬ፣ ሁለት እጄን አፋትጌ አሸተትኩት። ሮይስ ልጄ፣ ስድቡ አፌ ላይ ቀረ። የጥንቅሹ ድስት ሸተተኝ። ያ በመስከረም ውጭ ደጅ እሳት ላይ የምንጥደው፣ አረንጓዴ አረፋውን ስንገፍፍ የምንውልበት፤ እናትህ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ አንተ ጣትህን እየከተትክ ስትቃጠል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጋርላንድ ያደገው ሉዊቪል ከተማ ስለሆነ ምን እንደነካኝ አልገባውም፤ ተበላሸ እንዴ ብሎ ደነገጠ።

የሞላው አንዲት ትንሽ በርሜል ብቻ ነው፤ አዲስ፣ ውስጧ በእሳት የተለበለበች። ሙያው ያንተ ነውና ስለ በርሜሏ የምታውቀውን ጻፍልኝ። ደግሞ አንድ ነገር አደራ። የምትከፈት ዕለት እዚህ እንድትሆን እፈልጋለሁ። ያ ሽታ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ካንተና ከእኔ በቀር ማንም አልቀረም።

ከክፉ ይጠብቅህ።
አክስትህ ዩላ


ስፔይ ወንዝ ዳር፣ ስኮትላንድ
ኖቬምበር 25 ቀን 2018

ለተከበሩ አክስቴ ዩላ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ቁርጥማቱ ለቀቅ አደረገዎት? እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት።

እርስዎ እንደሚያውቁት ቡርቦን አንድ በርሜል ውስጥ ሁለቴ አይገባም። አንዴ የሠራውን በርሜል እናንተ ትሸጡታላችሁ፣ እኛ እዚህ እየጠገንን የራሳችንን ውስኪ እንሞላበታለን። በየሳምንቱ ከአገር ቤት የመጣ በርሜል በእጄ ያልፋል። ውታፉን ስነቅል መጀመሪያ አፍንጫዬን ነው ቀዳዳው ላይ የማደርገው። ለሥራ ስፈለግ "ሮይስ የት ሄደ?" ሲባል፣ የሥራ ጓደኞቼ "እናቱ ቤት" ብለው ይመልሳሉ። ይሳቁ። እውነታቸውን ነው።

ስለ በርሜሏ ከጠየቁኝ ግን ሥጋት አለኝ። ትንሽ በርሜል ቶሎ ያበስላል፤ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሲሆን ደግሞ በበጋ እንደ ምድጃ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በየወሩ ያሽትቱት። ማሽላው ልል ነው፣ እንጨቱ ኃይለኛ። ብዙ ቆይቶ እንጨቱ አንዴ ጣፋጩን ከበላው አይመልሰውም። እርስዎ እዚያ እያሉ ምክር ማብዛቴ ድፍረት ነው፤ የእርስዎ አፍንጫ ካለ የሚያሳስበኝ ነገር የለም።

ለመክፈቻው እመጣለሁ። እናቴን ከቀበርን ወዲህ ወደዚያ እግሬን አላነሳሁም፤ በዚህ ምክንያት እመጣለሁ።

አክባሪዎ ሮይስ


ቢች ፎርክ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 2020

ለምወድህ ለሮይስ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ። ይህ የወረርሽኝ ዘመን እንዴት አደረገህ? እኛ በር ዘግተን ተቀምጠናል፤ ብርቅ ውስኪ ፍለጋ የሚዞሩት አሳዳጆች ግን በር አያውቁም።

የማሽላው ወሬ ወጥቶልሃል። ጋርላንድ በኮምፒውተሩ ምን እንደጻፈ እንጃ፣ ከሲንሲናቲ፣ ከናሽቪል ሰው ይመጣል። ፌንዊክ የሚባል የጥርስ ሐኪም አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ ጎተራው ደጅ ይቀመጣል። በርሜሉን ማየት እንኳ አይፈቀድለትም፤ ግድግዳውን እያየ ነው የሚውለው። ሌሎቹ መጥተው ይሰበሰቡና በአጃ የተሠራው እንዲህ ነው፣ ሰማያዊ በቆሎው እንዲያ ነው ሲባባሉ፣ ቀምሰውት የሚያውቁ ይመስልሃል። አንዷን ግን፣ ማሽላው ምን ምን ይላል ብለሽ ትጠብቂያለሽ? አልኳት። "ጠብቄ የማላውቀውን ነገር ነው የምጠብቀው፣ እመቤቴ" አለችኝ። ይቺ እንኳ ደስ አለችኝ።

ጋርላንድ የፈላጊውን ስም በር ላይ ለጥፏል፤ ሁለት መቶ አልፏል። ለሁሉም የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ አክስቴ ደረሰ ስትል ይከፈታል።

ባለፈው ሐሙስ ከበርሜሉ ቀድቼ አሸተትኩ። መጀመሪያ የተጠበሰ በቆሎ፣ ከዚያ ትንሽ ቆዳ፣ ከዚያ እያለሳለሰ ድስቱ መጣ፤ ከጠርዙ ላይ ያረረው ሽሮፕ፣ ሳርና ጭስ። ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ይቺን ክረምት ይጨርስና በጸደይ እንከፍተዋለን። አውሮፕላኑ ሲፈታ ተዘጋጅ።

ዩላ


ስፔይ ወንዝ ዳር
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2021

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። ለገና ከእርስዎ ካርድ ስላልመጣ ሐሳብ ገባኝ፤ ደኅና ነዎት?

መንገዱ እንደተዘጋ ነው፤ በጸደይ መምጣቴን እንጃ። እኔን ሳይጠብቁ ይክፈቱት። ብቻ ሽታውን አንድ ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። የመስከረሙን ደብዳቤዎን በኪሴ ይዤው እዞራለሁ፤ ማጠፊያው ሊበጠስ ነው።

ሮይስ


ቢች ፎርክ
ጁን 8 ቀን 2021

ለሮይስ፣

እንደምን አለህ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። በገና ሰሞን ያ በሽታ ጎብኝቶኝ ነበር፤ አሁን ደኅና ነኝ፣ አታስብ።

በርሜሉ ገና ነው። ሽታው ጥሩ ነው። ጋርላንድ እንክፈተው ብሎ ነበር፤ አልደረሰም አልኩት። አሳዳጆቹ ይጠብቁ፣ ሌላ ሥራ የላቸውም።

መንገድ ተከፍቷል ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁ። መቼ ትመጣለህ?

ዩላ


ስፔይ ወንዝ ዳር
ጁላይ 19 ቀን 2021

ለተከበሩ አክስቴ፣

ተርፈው ስለጻፉልኝ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። መታመምዎን እንዲህ በአንድ መስመር መስማቴ ግን ቅር አሰኝቶኛል።

ደግሞ "ሽታው ጥሩ ነው" ምን ማለት ነው? እርስዎ ስለ አንድ ሳሙና እንኳ ግማሽ ገጽ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። በመስከረም ሊደርስ ምንም አልቀረውም ያሉኝ ውስኪ በሰኔ ገና ነው ሲሉኝ ግራ ገባኝ። የበጋው ሙቀት በርትቷል፤ ቆርቆሮውን አይርሱት።

ዘንድሮ ሥራ ስለበዛ ለመምጣት አልችልም። ይቅር ይበሉኝ።

ሮይስ


ቢች ፎርክ
ኦክቶበር 30 ቀን 2021

ለሮይስ፣

ጤና ይስጥልኝ። "ሥራ በዝቶ" የምትለውን ለሌላ ሰው ንገረው። በርሜል ሸሽቶ አይሄድም።

ሽታ ሽታ ስላልከኝ ይኸው ሽታውን ራሱን ልኬልሃለሁ። ጋርላንድ የበርሜሉን ውታፍ በአዲስ ቀይሮት ነበርና አሮጌውን አስቀረሁት። ሦስት ዓመት ውስኪው ውስጥ የተነከረ እንጨት ነው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ፈታ አድርገህ አሽትተው፤ የእናትህ ድስት ነው፣ ቁርጥ ያ ሽሮፕ።

ፌንዊክ የተባለው ሐኪም በዝናብ ሲመጣ አዘንኩለትና ወደ ቤት አስገባሁት። መቼ ይደርሳል ይለኛል። ገና ነው አልኩት። እመነኝ እንጂ፣ የማውቀውን ነው የምናገረው አልኩት። ደጋግሜ ሳልለው አልቀረሁም፤ ሰውዬው መጠየቁን ትቶ ፊት ፊቴን አየኝ።

ምነው ብትመጣ።

ዩላ


ስፔይ ወንዝ ዳር
ኤፕሪል 3 ቀን 2022

ለምወድዎት አክስቴ፣

አምስት ወር ዝም ያልኩት ምን ብዬ እንደምጽፍ ጨንቆኝ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። አሁን በቀጥታ ልበልዎት።

ጥቅሉን የፖስታ ቤቷ ልጅ በሁለት ጣቷ ይዛ ነው የሰጠችኝ። ስፈታው የሸተተኝ ናፍጣ ነው። ውታፉን የጠቀለሉበት ጨርቅ የጋርላንድ ትራክተር የሚወለወልበት ሳይሆን አይቀርም፤ ታጥቦ ነጥቷል፣ ናፍጣው ግን አልለቀቀም። እንጨቱ ጠጥቶታል። አለቃዬ ማግነስ አሸተተና "የማሽላ ቡርቦን ብለህ ሦስት ዓመት ያደነቆርከን ይኼ ነው?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ያን ጨርቅ በእጅዎ ይዘው፣ ጠቅልለው፣ ገመድ አስረው፣ የእናትህ ድስት ነው ብለው ጻፉልኝ። አክስቴ፣ አፍንጫዎ መሥራት ያቆመው መቼ ነው?

እርስዎን እንዲህ ጠይቄ የራሴን መደበቅ ነውር ነው። የማልመጣው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። እናቴን ስንቀብር ከሣጥኗ ጫፍ አንዱን እኔ ይዤ ነበር፤ ወደቅሁ። የመንገድ ድካም ነው ብዬ ለሁሉም ነገርኩ። ሰክሬ ነበር፣ አክስቴ። የእናቴን ሣጥን ጭቃ ላይ የጣልኩት ሰክሬ ነው። ከዚያም ሳልተው ሁለት ዓመት ቆየሁ። አሁን ካቆምኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። በርሜሉ ሲከፈት ያ ሁሉ ሰው ብርጭቆ ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ ይታየኛል፤ እግሬ የሚያዘው እሱ ነው።

ተናድደውብኝ ከሆነ በንዴትዎ ይጻፉልኝ፤ ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሮይስ


ቢች ፎርክ
ጁን 12 ቀን 2022

ሮይስ ልጄ፣

ተናድጄ ነበር። አንድ ሳምንት ያህል። ከዚያ ጨርቁን አሰብኩና ለብቻዬ ሳቅኩ። ናፍጣ። ፖስታ ቤት ወስጄ፣ ወረፋ ይዤ፣ ለሚመዝንልኝ ሰውዬ "ከእኛ ቤት የሚወጣ ሽታ ነው" ብዬ በኩራት ነገርኩት እኮ። ምን ሆኖ ነው አፍንጫውን የሚያሸው ብዬ ነበር።

አፍንጫዬ ያቆመው በገና ሰሞን ከታመምኩ ጀምሮ ነው። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ቤከን ጠበስኩ፤ ማረሩን የነገረኝ ጭሱን ያየው ዓይኔ ነው። ይመለሳል አሉኝ ሐኪሞቹ። ጠበቅሁ። የሟቹ የባለቤቴን የክሌምን ኮት ታውቀዋለህ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የሰቀልኩትን። ሲከፋኝ ፊቴን እቀብርበት ነበር፤ ትንባሆና የፈረስ ላብ። አሁን ጨርቅ ነው። ከሞተ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በጠረኑ አብሮኝ የቆየ ሰው በአንድ ሳምንት ትኩሳት ሄደብኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ብዬ እናገራለሁ?

ለጋርላንድም አልነገርኩት። ሁለት መቶ ሰው በእኔ አፍንጫ አምኖ ይጠብቃል። እሱ ብርጭቆ ሲያቀርብልኝ አስጠጋለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ገና ነው እላለሁ። ገና ነው ማለት ቀላል ነው፤ ማንም አይከራከርህም። ያልደረሰ ስለመሰለኝ አይደለም፣ ሮይስ። አንተ እስክትመጣ ነው። ደረሰ ብዬ ቢከፈት፣ ያ ሽታ ቢኖር፣ ሁለት መቶ ሰው አሽትቶት እኔ ብቻ ሳላገኘው ሊያልቅ ነው። ይህን ማሰብ አልቻልኩም። አንተ አጠገቤ ሆነህ ብትነግረኝ ግን ያሸተትኩት ያህል ይሆንልኛል ብዬ ነው።

ስለ ቀብሩ፣ ያኔ አፍንጫዬ ይሠራ ነበር። ከመኪና ሳትወርድ ነው ያወቅሁት። ቄሱ ቀረብ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለወገቡ አልኮል ያሸሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ነው የሚሸተው አልኳቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እናትህም ያን ቀን የተቆጣችህ አይመስለኝም።

ና። ብርጭቆውን ወደ አፍህ እንድታስጠጋው አልፈልግም። የሚሰጥህ ሰው ካለ እጁን እሰብረዋለሁ። አሽትተህ መልሰው፣ ለእኔ ንገረኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።

ዩላ


ስፔይ ወንዝ ዳር
ኦገስት 1 ቀን 2022

ለምወድዎት አክስቴ፣

ቲኬቱን ቆርጫለሁ። ኦክቶበር 6 እገባለሁ። ለጋርላንድ ይንገሩት፣ ለጥርስ ሐኪሙም ይንገሩት።

ሮይስ


ቢች ፎርክ
ኖቬምበር 13 ቀን 2022

ለምወድህ ልጄ ለሮይስ፣

በሰላም ገባህ? አንተ ከሄድክ ቤቱ ወና ሆኗል። አልጋህን እስከ ትናንት ሳላነጥፍ ተውኩት።

ጠርሙሶቹ በሁለት ቀን አለቁ። ፌንዊክ ሁለት ወስዷል፤ አንዱን እንደማይከፍተው ምሎ ነገረኝ። በየቦታው እየጻፉ ነው ይለኛል ጋርላንድ፤ እንዲህ ያለ ቡርቦን ቀምሰን አናውቅም ብለው። እውነት ነው፣ አያውቁም።

አሁን ሌላውን ልንገርህ። ያን ዕለት ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ብሎ ሲያይህ፣ ብርጭቆውን ይዘህ ዓይንህን ጨፈንክ። ብዙ ቆየህ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር መጥተህ፣ "ድስቱ ነው አክስቴ፤ አረፋው፣ ያረረው ሽሮፕ፣ ሁሉም አለ" አልከኝ። እኔም ደርሷል ብዬ ጮህኩ፣ ሰው አጨበጨበ። ሲያቅፉኝ፣ ሲስሙኝ ዋልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው።

በማግስቱ ጋርላንድ አየር ማረፊያ ሊያደርስህ ሲወጣ፣ ለእኔ የተተወችውን ጠርሙስ ከፈትኩ። አንድ ጠብታ ምላሴ ላይ አደረግሁ። አፍንጫዬ ሞተ እንጂ ምላሴ አልሞተም፤ ጣፋጭና መራራ ይለያል። መራራ ነው፣ ሮይስ። እንጨት ነው። ከጣፋጩ አንዲት ጠብታ አልቀረችም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው፤ ሁለት በጋ እንዳለፈበት ምላሴ ብቻውን ነገረኝ። አንተ በመጀመሪያው ደብዳቤህ አስጠንቅቀኸኝ ነበር። ጊዜው ያለፈው እኔ "ገና ነው" ስል ነው። ያን ሽታ በሁለት እጄ አፍኜ የገደልኩት እኔ ነኝ። ጋርላንድ ሲመለስ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማ ቆየና ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ፤ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዋሸኸኝ አልተቀየምኩም። አንጀትህ አልችል ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም በቄሱ ፊት ላንተ ብዬ ዋሽቻለሁ። ግን ልጄ፣ ለአንድ ቀን አፍንጫ ነበረኝ። ጆሮዬ ሥር ስትነግረኝ በእውነት ሸተተኝ፤ እናትህን ከነሻሿ አየኋት። ጠርሙሱን ከፍቼ ስቀምስ ለሁለተኛ ጊዜ አጣሁት። የመጀመሪያው በሽታ ነው፤ ይኼኛው ከበደኝ።

ጋርላንድ ባለፈው ሳምንት ሌላ የማሽላ በርሜል ሞልቷል፤ ትልቅ ነው፣ የሚቀመጠውም ቀዝቃዛው ምድር ቤት ነው። በየዓመቱ ና። መራራ ሲሆን መራራ ነው በለኝ፣ ምንም ሳይሸት ሲቀር ምንም የለም በለኝ። የቀረኝ አፍንጫ ያንተ ብቻ ነው፤ እሱ ከዋሸኝ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

አክስትህ ዩላ